ቀዩ ቀለም ዝናብ አይደለም

ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ዓይነት ምስል በቴሌግራም ይዞራል። የሳተላይት ካርታ ነው፤ መሐሉ ላይ አዲስ አበባ፣ ከላይዋ ቀይ በቀይ። ከሥሩ «ዛሬ ማታ አቃቂ ቃሊቲን የሚያጥለቀልቅ ዝናብ» ተብሎ ተጽፏል። ማታው ይደርሳል፤ ካፊያ እንኳ አይጥልም። ሰውም «ሜትሮሎጂ ዋሸ» ይላል። ሜትሮሎጂ ግን ምንም አላለም፤ የተሳሳተው ምስሉን ያነበበው ሰው ነው።

ምስሉን የምትልከው ሜትዮሳት የተባለችው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትቆማለች። ቀንም ሌሊትም በኢንፍራሬድ የምታየው ከደመናው አናት የሚወጣውን የሙቀት ጨረር ነው እንጂ ዝናብ አይደለም። አናቱ ከፍ ባለ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ በጣም የቀዘቀዘውን ቀይ የሚቀባው ምስሉን ያዘጋጀው ባለሙያ ነው።

ታዲያ ከፍ ያለ ደመና ያዘንብ የለም ወይ? ያዘንባል፤ ግን የት? ከቀትር በኋላ ቢሾፍቱ አካባቢ የሞቀ አየር ሽቅብ ሲወጣ ነጎድጓዳማ ደመና ይሠራል እንበል። ደመናው ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ከወጣ በኋላ ከላይ ያለው የከባቢ አየር ንብርብር ያግደዋል። ያን ጊዜ የማድ ቤት ጭስ ጣሪያ ሲነካ እንደሚያደርገው ወደ ጎን ይንሰራፋል። በክረምት በዚያ ከፍታ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ደግሞ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነውና፣ የተንሰራፋውን አናት ጎትቶ አቃቂ ላይ ይዘረጋዋል። ዶፉ እዚያው ቢሾፍቱ ወርዶ አልቋል። ደመናውን የወለደው ሽቅብ አየርም ቆሟል። በበረዶ ቅንጣት የተሞላው አናት ግን ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ሳተላይቷ ቀይ ታያለች፤ ቃሊቲ የቆመ ሰው ቀና ቢል ስስ ግራጫ ደመና ያያል።

በዚህ ላይ የቦታ ስሕተት አለ። ዋናዋ ሜትዮሳት በዜሮ ዲግሪ ኬንትሮስ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ በላይ ስለቆመች እኛን የምታየን በሰያፍ ነው። 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ አናት ካርታው ላይ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ተገፍቶ ይቀመጣል። ስለ አንድ ክፍለ ከተማ ለሚጨነቅ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። በ45.5 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የምታየው እኅቷ ለእኛ ትሻላለች። ሰዓቱንም ልብ ይበሉ፤ ምስሉ ላይ 12:00 የሚለው የዓለም አቀፍ ሰዓት በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው።

ከአናት ቅዝቃዜ ተነሥቶ ዝናብ መገመት ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ለሰፊ አካባቢ፣ ለአሥር ቀን ወይም ለወር ድምር ጥሩ ይሠራል። ተራራ ላይ ግን ይቸገራል፤ ነፋስ ዳገት ገፍቶ ያነሣው ደመና አናቱ ብዙ ሳይቀዘቅዝ ሊያዘንብ ይችላል፣ ሳተላይቷም ትስተዋለች። የአየር ንብረት ተመራማሪው ቱፋ ዲንቁና ባልደረቦቹ ለኢትዮጵያ ደጋ የተሠራውን የሳተላይት ግምት ከዝናብ መለኪያ ጋር አነጻጽረው ይህን ችግር አሳይተዋል። መለኪያውም ቢሆን የሚናገረው ስለቆመበት ግቢ ነው። ሁለቱን የሚያዋህደው ኢናክትስ የተባለው አሠራር በኢትዮጵያ የተጀመረውም አንዱ ብቻውን ስለማይበቃ ነው።

ለአቃቂ ነዋሪ ደግሞ ከራሱ በላይ ያለው ሰማይ ግማሽ መረጃ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ከእንጦጦና ከአካባቢው ተራሮች ተነሥተው፣ ከተማዋን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ አቃቂ 2,100 ገደማ ነው። እንጦጦ ላይ ከዘነበ፣ ቃሊቲ ፀሐይ እየሞቀ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ቀዩን ምስል ለጎረቤት ከማስተላለፉ በፊት እንጦጦ ሥር ሽሮ ሜዳ ላለ ዘመዱ ደውሎ «እናንተ ጋ ዘነበ ወይ?» ቢል ይጠቅመዋል።