ከአትላንታ ወደ በረዶው፦ የስኖውሹ ምርጫና አጠቃቀም

አትላንታ ላይ በዓመት የሚጥለው በረዶ በአማካይ ሁለት ኢንች ገደማ ነው። እሱም ቢሆን ከተማዋን ለማሽመድመድ አያንስም። ጃንዋሪ 28 ቀን 2014 ከሦስት ኢንች ያነሰ በረዶ ወርዶ መኪኖች አውራ ጎዳና ላይ ተገትረው አደሩ፤ ብዙ ተማሪዎችም ሌሊቱን በየትምህርት ቤታቸው አሳለፉ። እንዲህ ባለ ከተማ ስለ ስኖውሹ፣ ማለትም ለስላሳ በረዶ ላይ እግር እንዳይሰምጥ ከጫማ ሥር ስለሚታሰረው ሰፊ መርገጫ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ሆኖም ቅዳሜ ማለዳ ስቶን ማውንቴንን ለሚወጣ ሐበሻ፣ በረዶው አንዳንዴ ጉልበት የሚደርስበት ተራራ ከቤቱ የአራት ሰዓት ገደማ የመኪና መንገድ ነው። የሚቸግረው ምን ይዞ፣ መቼና ወዴት እንደሚሄድ ማወቁ ላይ ነው።

በረዶ ውስጥ መስመጥ ለአገራችን ታሪክም እንግዳ አይደለም። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስ ላይ አግኝቶ የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች የዘመተ አንድ ንጉሥ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ እንዳጋጠመው ይናገራል። ዛሬ ራስ ዳሸን ላይ በረዶ የሚታየው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲጥልም ብዙ አይቆይም። በረዶው ወራት የሚከርምባቸው ሕዝቦች ግን መፍትሔውን ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር። በጣሊያንና በኦስትሪያ ድንበር፣ 3,134 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በ2003 የተገኘው ከበርች እንጨት የተሠራ ስኖውሹ ከ5,700 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ተረጋግጧል። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ክሪ፣ ኦጂብዌና ሂውሮንን የመሳሰሉ ነባር ሕዝቦች እንጨት አጉብጠው፣ በጥሬ ቆዳ ጠፍር ጠልፈው፣ እንደየአገራቸው በረዶ የተለያየ ቅርጽ ይሠሩ ነበር። ለሜዳ ረጅምና ሹል፣ ለጫካ ደግሞ ሰፌድ የመሰለ ክብ።

የእንጨቱ ዛሬ በአብዛኛው የግድግዳ ጌጥ ሆኗል። በ1970ዎቹ የአሉሚኒየም ቱቦና ሰው ሠራሽ ወለል ያለው ዓይነት ተስፋፋ፤ በ1995 ደግሞ የሲያትሉ ኩባንያ ኤምኤስአር ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራውን ዴናሊ የተባለ ሞዴል አወጣ። አሁን ሱቅ ውስጥ የምታዩት ከእነዚህ ከሁለቱ የወጣ ነው። የአሉሚኒየሙ ለስለስ ባለ በረዶና ብዙ ቁልቁለት በሌለበት መንገድ ይመቻል። ፕላስቲኩ ድንጋይና ሥር ቢረግጥ አይቀደድም፤ ጠንካራ በረዶንም ይነክሳል፤ ነገር ግን ሲራመዱበት ይንኳኳል። ለደቡብ አፓላችያን ተራሮች እኔ ፕላስቲኩን እመርጣለሁ፤ እዚያ በረዶው ስስ ነው፣ ድንጋዩም ቅርብ ነው።

መጠን ሲመረጥ ብዙ ሰው የጫማውን ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ወሳኙ ግን ክብደት ነው፤ የሰውየው ብቻ ሳይሆን የልብሱ፣ የጫማውና የሻንጣው ሁሉ ድምር። 160 ፓውንድ የሚመዝን ሰው 20 ፓውንድ ከተሸከመ 180 ብሎ ይቁጠር። በአሉሚኒየሞቹ ዘንድ 25 ኢንች ርዝመት ያለው ብዙውን ጊዜ እስከ 180 ወይም 200 ፓውንድ፣ 30 ኢንቹ ከዚያ በላይ ለሆነ ይሠራል፤ ሁሉም አምራች የራሱን ሰንጠረዥ ስለሚያወጣ የማሸጊያውን ጽሑፍ ማንበብ ይሻላል። የኤምኤስአር ኢቮ 22 ኢንች ሆኖ እስከ 180 ፓውንድ ይችላል፤ ከኋላ የሚሰካ ጅራት ሲጨመርለት 250 ይደርሳል።

ከክብደቱ ቀጥሎ የበረዶው ዓይነት ይመጣል። የኮሎራዶ በረዶ ደረቅና ብናኝ ስለሆነ ሰፊ መርገጫ ይጠይቃል። የእኛ የደቡቡ ግን እርጥብና ከባድ ነው፤ ቀን ይቀልጣል፣ ሌሊት መልሶ ይጠነክራል፣ ስለዚህ ሰውን ይሸከማል። በሁለት መጠን መካከል የተቸገረ ሰው እዚህ አካባቢ ትንሹን ይውሰድ። ትልቅ ስኖውሹ ክብደቱ እግር ላይ ነው፤ አመሻሽ ላይ ዳሌ ያሳምማል።

ሻጩ ስለ ቀለሙ ሲያወራ እናንተ ሥሩን ገልብጣችሁ እዩ። ከጣት በታች የብረት ጥርስ ሊኖረው ይገባል፤ ለዳገት ደግሞ ጎንና ጎኑ ላይ ጭምር። ማሰሪያውን ጓንት እንዳደረጋችሁ አስራችሁ ፍቱት። ካልቻላችሁ ተራራ ላይ በደነዘዘ ጣት አትችሉትም። ተረከዝ ሥር ብድግ የምትል ሽቦ ካለችው ረጅም ዳገት ላይ ባትን ታሳርፋለች። በርካሽ የሚሸጡት ላይ አስቀድሞ የሚበጠሰው ማሰሪያው ነው።

አሁን ብዙ ሻጭ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ከአትላንታ የሚነሳ ሰው በአብዛኛው የብርድ ቀን ስኖውሹ አያስፈልገውም። በጆርጂያ ከፍተኛው ተራራ በብራስታውን ቦልድ (1,458 ሜትር)፣ በብለድ ማውንቴንና የአፓላችያን መንገድ በሚጀምርበት በስፕሪንገር ላይ የሚያጋጥመው ስስ በረዶና የሚያንሸራትት መስታወት መሳይ ግግር ነው። ለዚህ የሚሻለው ማይክሮስፓይክ ነው፤ ጫማ ላይ የሚለበስ፣ ሰንሰለትና አጫጭር የብረት ጥርስ ያለው ጎማ። ጫማችሁ ከስድስት ኢንች በላይ የሚሰምጥ ከሆነ ስኖውሹ፤ ከዚያ በታች ከሆነ ማይክሮስፓይክ። ሁለቱንም ሻንጣ ውስጥ መያዝ አያስቆጭም።

ለእውነተኛው በረዶ ወደ ግሬት ስሞኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይኬዳል። ኒውፋውንድ ጋፕ (1,538 ሜትር) በዓመት በአማካይ 69 ኢንች በረዶ ያገኛል። ከዚያ ወደ ኩዎሂ ጫፍ የሚወስደው የሰባት ማይል አስፋልት ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 ለመኪና ስለሚዘጋ ለእግረኛ ይቀራል። ኩዎሂ ቀድሞ ክሊንግማንስ ዶም ይባል ነበር፤ ነባሮቹ ቸሮኪዎች የሚጠሩበት ስሙ በይፋ የተመለሰለት በሴፕቴምበር 2024 ነው። መንገዱ ሰፊ፣ ዳገቱ ዝግ ያለ ስለሆነ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ደርሶ መልሱ ግን 14 ማይል ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሦስት ማይል ሄዶ መመለስ ይበቃል። የፓርኩ መግቢያ ነፃ ነው፤ ከ15 ደቂቃ በላይ መኪና ለሚያቆም ግን ከማርች 2023 ጀምሮ በቀን 5 ዶላር ይከፈላል። ከፍታው ግን አያስፈራችሁ፤ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ ያለው ከፍተኛ ተራራ ማውንት ሚቸል 2,037 ሜትር ነው፤ አራት ኪሎ ያደገ ሰው ከዚያ በላይ ሲኖር ነው የኖረው።

ችግሩ ሌላ ነው። በረዶው በደንብ በጣለ ዕለት በፓርኩ የሚያልፈው 441 መንገድ ይዘጋል፤ መንገዱ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ፀሐይ በረዶውን ልታቀልጠው ትችላለች። ስለዚህ ቀኑን አስቀድሞ መቁረጥ አይሆንም። ሌላው አማራጭ በሰሜን ካሮላይናና በቴነሲ ድንበር ላይ በሮአን ተራራ ያለው ካርቨርስ ጋፕ ነው። ከአትላንታ ይርቃል፣ ነፋሱም አይጣል ነው፤ በረዶው ግን ይቆያል።

አካሄዱ በግማሽ ሰዓት ይለመዳል። እግርን ትንሽ ከፈት አድርጎ መሄድ፣ አንዱን በሌላው ላይ አለመርገጥ። ወደ ኋላ መራመድ አይሞከርም፤ ጅራቱ ተሰክቶ ይጥላል፤ ለመመለስ ክብ ሠርቶ መዞር ነው። ዳገት ላይ በጣት በኩል ያለውን ጥርስ መስካት፣ ቁልቁለት ላይ ጉልበት አጠፍ አድርጎ ክብደትን ወደ ተረከዝ መጣል። ከጫፉ ክብ ሳህን ያለው ምርኩዝ ያስፈልጋል፤ ያለሱ ምርኩዙ ራሱ ይሰምጣል። አዲስ በረዶ የሚከፍተው ፊተኛው ሰው ስለሚደክም ተራ መለዋወጥ ተገቢ ነው። ፍጥነታችሁ ከተለመደው ግማሽ ያህል ቢሆን አይግረማችሁ፤ በዲሴምበር ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል (5:30 PM) ላይ ይጨልማል።

ጂንስና የጥጥ ካልሲ ቤት ይቅሩ። ጥጥ ላብ ይዞ ይቀዘቅዛል፤ ሱፍና ፖሊስተር ይሻላሉ። ጋቢ የመኪና ውስጥ ልብስ ነው፣ ከጉዞ መልስ ያሞቃል። ገምባሌ በረዶ ወደ ጫማ እንዳይገባ ይከላከላል። ውሃ መርጋት የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ ጠርሙሱን ዘቅዝቆ መያዝ ይጠቅማል። ስልክ በብርድ ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ ደረት ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። ለስንቅ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎና በሶ የሚያህል የለም፤ አይረጉም፣ ለነቢያት ጾምም ይሆናሉ። ወደ ምዕራብ፣ ዴንቨር ዘመድ ጋ ለሚሄድ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያዘነበለ ቁልቁለት የበረዶ ናዳ አገር ነው፤ ሳይማሩ አይገባበትም።

ጥንዱ ከ100 ዶላር አካባቢ እስከ 300 እና ከዚያ በላይ ያወጣል። በዓመት አንዴ ለሚሄድ የአትላንታ ሰው መግዛት አይመከርም። በተራራው አካባቢ የሚያከራይ ሱቅ ደውላችሁ ፈልጉ፣ የፓርኩን የመንገድ ማስታወቂያ በዋዜማውና በማለዳው እዩ፣ ወዴት እንደሄዳችሁና መቼ እንደምትመለሱ ቤት ለቀረ ሰው ተናገሩ። ሁለት ሦስት የብርድ ወቅት ተመላልሳችሁ ካልሰለቻችሁ፣ ያኔ ግዙ።