በነጻ የሚታየው ክፍል ያተርፋል

በአሜሪካዋ ቺካጎ፣ ዌልስ ጎዳና ላይ ባለው «ሰከንድ ሲቲ» የኮሜዲ ቤት ትኬት የቆረጠ ሰው ጠረጴዛ ይዞ መጠጡን እየተጎነጨ ሁለት ክፍል ትርኢት ያያል። አጫጭር አስቂኝ ድራማዎችና ዘፈኖች፣ በሚገባ የተጠኑ ናቸው። ሁለተኛው ክፍል ሲያበቃ ግን ሁሉም ወደ ቤቱ አይሄድም። ተዋናዮቹ ያለ ጽሑፍ ተመልሰው ይወጡና «እስቲ አንድ ቦታ ጥሩልን» ይላሉ። ከአዳራሹ «ጥርስ ሐኪም ቤት!» የሚል ድምፅ ከተሰማ ጨዋታው እዚያው ይፈጠራል። በሙያው አጠራር ኢምፕሮቪዜሽን ይባላል። ለዚህ ሦስተኛ ክፍል ለብዙ ዓመታት ትኬት ያልገዛ ሰው እንኳ ከመንገድ ይገባ ነበር።

ለነጋዴ ዓይን ኪሳራ ይመስላል። የቤቱ ማምረቻ ግን ይኸው ነው። ያሳቀው ጨዋታ ተይዞ በሚቀጥሉት ምሽቶች ይደገማል፣ ይቆረጣል፣ ይጠገናል፤ ውሎ አድሮም በአዲሱ ዝግጅት ውስጥ በትኬት ይሸጣል። አዳራሹ ዝም ያለበት ይጣላል። ዝምታው መድረክ ላይ ለቆመው ተዋናይ መራራ ነው፤ ሆኖም በነጻ የገባ ደንበኛ ገንዘቤን መልሱ አይልም። በእኛም አገር አዝማሪ ቤት ደንበኛው «ተቀበል» ብሎ ግጥሙን ይሰጣል። ልዩነቱ አዝማሪው ሽልማቱን ወዲያው ግንባሩ ላይ ማግኘቱ ነው።

ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1959 መጨረሻ የከፈቱት ፖል ሲልስ፣ በርኒ ሳህሊንስና ሃዋርድ ኦልክ ናቸው። ዘዴው የሲልስ እናት ቫዮላ ስፖሊን ለሕፃናት ካዘጋጀቻቸው ጨዋታዎች የመነጨ ሲሆን፣ ስሙ ደግሞ አንድ የኒውዮርክ ጸሐፊ ቺካጎን በሁለተኛነት ካሽሟጠጠበት ጽሑፍ ተወሰደ። ስድቡን የንግድ ስም አደረጉት። ቢል መሪና ቲና ፌይ ከዚሁ መድረክ የወጡ ናቸው።

ዋናው ሕግ የጓደኛን ሐሳብ ተቀብሎ የራስን መጨመር ነው፤ «አይሆንም» ያለ ተዋናይ ጨዋታውን ይገድለዋል። ይህንን ለሠራተኞቻቸው ለማስተማር የሚከፍሉ ኩባንያዎች አሉ። ድርድር የሚያውቅ ደላላ ግን ክፍያውን ሰምቶ ሳይስቅ አይቀርም።

የንግዱ ደካማ ጎን ወንበሩ ነው። ዛሬ ያልተሸጠ ወንበር ተከማችቶ ለነገ አይተርፍም። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ አዳራሾችን ሲያዘጋ ይኸው ታየ። በዓመቱ፣ በ2021፣ ቤቱን ዜድ ኤም ሲ የተባለ የኒውዮርክ የኢንቨስትመንት ድርጅት ገዛው። በ2023 ደግሞ ስድቡ በተጻፈባት በኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ቅርንጫፍ ተከፈተ።