ሻጩ ሳይሰማ፣ ስለ ክሩዘር ሞተር ሳይክል

ይቅረቡማ፤ ይህን ሻጩ ፊት አልነግርዎትም።

የምሠራው ዋሽንግተን ዙሪያ ካሉት የሞተር ሳይክል መሸጫዎች በአንዱ ነው፤ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ጋራዥ። አዳራሹ ውስጥ ክሮሙ ተወልውሎ፣ መብራቱ ተመቻችቶ፣ ዓይን ይማረካል። እኛ ዘንድ ሞተሩ የሚመጣው ከተሸጠ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። አንዱ ወገቡን ይዞ «መቀመጫውን ቀይሩልኝ» ይላል፤ ሌላው «መሪው ራቀኝ» ይላል፤ ሦስተኛው ጭራሽ «ከብዶኛል፣ መልሳችሁ ግዙኝ» ይላል። ሁሉንም ያሳሳታቸው አንድ ነገር ነው፦ ሲመርጡ ያዩት በቀላሉ የሚቀየረውን ነው፤ አብሯቸው የሚኖረው ግን የማይቀየረው ነው።

በድምፁ እንጀምር። ሻጩ «እስኪ ያስነሱት» የሚልዎት ያለ ምክንያት አይደለም። የሃርሊ ዴቪድሰን ትልልቅ ሞተሮች ሁለቱ ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ ተከፍተው በአንድ የክራንክ ፒን ላይ ስለተያያዙ ፍንዳታቸው እኩል አይራራቅም፤ አንዱ ከ315፣ ቀጣዩ ከ405 ዲግሪ ዙር በኋላ ይመጣል። ያ የሚያነክስ ምት ልብ ይሰርቃል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1994 ድምፁን የንግድ ምልክት አድርጎ ሊያስመዘግብ አመልክቶ ነበር፤ በ2000 ማመልከቻውን አነሳ እንጂ። ይሁንና ድምፅ በማርሚታ የሚቀየር ነገር ነው። ለሱ ብለው ሞተር አይምረጡ።

ስሙም አያደናግርዎት። ሃርሊ ለ2018 ሞዴል ዳይና የሚባለውን መስመር ዘግቶ ከሶፍቴይል ጋር ሲያዋህደው፣ ስትሪት ቦብ፣ ፋት ቦይ፣ ብሬክአውትና ሄሪቴጅ ክላሲክ በአንድ ዓይነት ሻንሲ ላይ፣ ሚልዋውኪ ኤይት ከሚባለው የሞተር ቤተሰብ ጋር ወጡ። አንድ አካል ላይ አራት ልብስ ማለት ነው። ልብሱ ግን ክብደት አለው። ስትሪት ቦብ ወደ 300 ኪሎ ሲጠጋ፣ የጎን ሻንጣና የንፋስ መከላከያ የያዘው ሄሪቴጅ 330 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። ፋት ቦይ ደግሞ ከፊት 160፣ ከኋላ 240 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ተጫምቷል። ፎቶ ላይ ግርማ ሞገሱ አይጣል ነው፤ ኩርባ ላይ ግን ላጋድልህ ሲሉት እሺ አይልም፣ ክንድ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ቦበር ልምጣ፤ ወጣቶቹ ሁሉ የሚሮጡለት እሱ ነው። ኢንዲያን ኩባንያ ስካውት የሚባል 1133 ሲሲ፣ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ክሩዘር ነበረው። በ2017 ስካውት ቦበርን አወጣ። ሞተሩ ያው ነው። ልዩነቱን ጋራዥ ውስጥ ጎን ለጎን አቁሞ ማየት ነው፦ የጭቃ መከላከያው ተቆርጧል፣ የኋላ ሰው መቀመጫ የለም፣ የእግር ማሳረፊያው ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ነጂው ቀርቧል። ዋናው ግን ዓይን የማያየው ነው። የስካውት የኋላ ሾክ ከላይ እስከ ታች 76 ሚሊ ሜትር ሲጓዝ፣ የቦበሩ 51 ብቻ ይጓዛል። ሦስት ጣትዎን ገጥመው ይዩት፤ ያች ናት። ጉድጓድ ሲያገኝ ከዚያ የተረፈው ምት በሙሉ ወደ አከርካሪዎ ይሄዳል። ዝቅ በማለቱም ኩርባ ላይ የሚጋደልበት መጠን ከ31 ወደ 29 ዲግሪ ወርዷል፤ ብረቱ አስፋልት የሚልሰው ቶሎ ነው። እንግዲህ ቦበር ማለት ፋብሪካው ቀንሶ የሸጠልዎት ክሩዘር ነው። ለብቻዎ፣ ለአጭር መንገድ፣ ለለሰለሰ አስፋልት ከሆነ ደስ ይላል። ባለቤትዎን ከኋላ አስቀምጠው ለሽርሽር ለመውጣት ካሰቡ ግን ከወዲሁ ይተዉት።

የእግርን ነገር አዳራሽ ውስጥ ማንም አያነሳውም። ብዙ ክሩዘር ማርሹንና ፍሬኑን ወደ ፊት ገፍቶ ስለሚያስቀምጠው እግርዎን ዘርግተው ይነዳሉ። ሲታይ ንጉሥ ያስመስላል። ችግሩ፣ መንገዱ ሲበላሽ ተነስተው መቆም አይችሉም፤ ክብደትዎ ሁሉ መቀመጫዎ ላይ ነው፤ በፍጥነት ሲነዱ ደግሞ ንፋሱ ደረትዎን ሲገፋው ክንድዎ መሪው ላይ ይንጠለጠላል። አገር ቤት በሥራ ሞተር የለመደ ሰው እግሩን ከሥሩ ማድረግ ስለሚቀናው የመካከለኛው አቀማመጥ ቶሎ ይስማማዋል። ቁመትዎ አጠር ያለ ከሆነ የካዋሳኪን ቨልካን ኤስ ይመልከቱ፤ የእግር ማሳረፊያው ሦስት ቦታ ላይ ይታሰራል። የሆንዳ ሬብል 500 መቀመጫም 690 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍታ ስላለው ሁለት እግርዎ መሬት ይረግጣል። ሻጭ እነዚህን «የጀማሪ» ብሎ ሊያልፋቸው ይሞክራል፤ ትርፉ ትልቁ ላይ ነዋ።

ረጅም መንገድ የሚወዱ ከሆነ ባገር ወደሚባለው፣ ሻንጣና የፊት ጋሻ ወዳለው መምጣትዎ አይቀርም። እዚህ አንድ ነገር ያስተውሉ። የሃርሊው ስትሪት ግላይድ ጋሻ የፊት ጎማውን ከያዘው ሹካ ጋር የታሰረ ስለሆነ መሪውን ሲያዞሩ አብሮ ይዞራል፤ የዚያው የሃርሊ ሮድ ግላይድ ጋሻ ግን ሻንሲው ላይ ተተክሎ አይነቃነቅም። ከትልቅ ከባድ መኪና ጎን ሲያልፉ ልዩነቱ ይገባዎታል፦ የመጀመሪያው የንፋሱን ግፊት እጅዎ ላይ ያደርሰዋል፣ ሁለተኛው ሻንሲው ላይ ያስቀረዋል። ሮድ ግላይድን መልኩን ጠልተው አልፈውት ኋላ የተመለሱለት ደንበኞች ብዙ ናቸው።

ሙቀቱም አለ። በአየር የሚቀዘቅዝ ትልቅ ሞተር የኋላው ሲሊንደር ከጭንዎ ሥር ነው። በሐምሌ ሙቀት የዋሽንግተን የመኪና ሰልፍ ውስጥ ቆመው ያዩታል። ሃርሊም ኢንዲያንም በአንዳንድ ሞዴሎቻቸው፣ ሞተር ሳይክሉ ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ የኋላውን ሲሊንደር የሚያጠፋ ዘዴ ያስገቡት ወደው አይደለም። በየቀኑ በከተማ ለሥራ የሚመላለሱ ከሆነ በውሃ የሚቀዘቅዝ ይምረጡ።

ጉልበተኞቹን በአጭሩ ልለፋቸው። የ1985ቱ ያማሃ ቪማክስ በር ከፈተ፤ ሃርሊ ከፖርሽ ጋር የሠራው ቪሮድ በ2001 ተከተለ፤ ዛሬ የትራይምፍ ሮኬት 3 ሞተር 2458 ሲሲ ደርሷል፤ ከብዙ የቤት መኪና ሞተር ይበልጣል። ደስታቸው እውነት ነው፤ የኋላ ጎማ በየጊዜው መግዛትዎም እውነት ነው። ቾፐር የሚባለው ባለ ረጅም ሹካ ደግሞ የአዳራሽ ዕቃ ሳይሆን የእጅ ሥራ ነው። በ1969 «ኢዚ ራይደር» ፊልም ላይ ዓለም ያያቸውን ቾፐሮች ካበጁት መካከል ቤን ሃርዲና ክሊፍ ቮውስ የሚባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ ስማቸው ለብዙ ዘመን ሳይነሳ ቀረ። ረጅሙ ሹካ ቀጥ ባለ አውራ ጎዳና ላይ ይመቻል፤ ጠባብ መኪና ማቆሚያ ውስጥ መከራ ነው።

ታዲያ ምን ያድርጉ? አዳራሹ ውስጥ ሞተሩ ላይ ወጥተው አሥር ደቂቃ ይቀመጡ፤ ሻጩ ቢያወራም ዝም ብለው ይቀመጡ። ከጎን ማቆሚያው ላይ ራስዎ ያንሱት፤ ማንም አያግዝዎት። መሪውን ጥግ ድረስ ያዙሩት፤ የሩቁን እጀታ ሳይንጠራሩ መያዝ ካልቻሉ ይለፉት። ለሙከራ ሲነዱ አስፋልቱ የተሰባበረበትን መንገድ ይምረጡ። በመጨረሻ፣ ወርሃዊ ክፍያውን ሳይሆን ከበር ሲወጣ ጠቅላላው ስንት እንደሆነ ይጠይቁ፤ የማጓጓዣ፣ የመገጣጠሚያና የወረቀት ክፍያ የሚደበቀው እዚያ ነው። ብርድ ሲገባ ይምጡ፤ ያኔ ሻጩ ራሱ ይደውልልዎታል።

ልብዎ ለሁለት ሞተር ከተከፈለ፣ የሚያምረውን ትተው የሚቀልልዎትን ይውሰዱ። ማሳመሩን እኛ እንጨርስልዎታለን፤ መሪም፣ መቀመጫም፣ ማርሚታም በብሎን ይታሰራል። ሠላሳ ኪሎ የሚቀንስ ብሎን ግን ጋራዣችን ውስጥ የለም።