ሞራ የተሞላው እርሳስ፦ የቅየሳ መርከቦችና የኮራል ደሴቶች ምሥጢር

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ መርከብ ወደማያውቀው የባሕር ዳርቻ ሲቃረብ ካፒቴኑን ከሁሉ በፊት የሚያስጨንቀው ጥያቄ ምንድን ነው? ከመርከቡ ሥር ስንት ሜትር ውኃ አለ የሚለው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው መሣሪያ እጅግ ቀላል ነበር። በረጅም ገመድ ጫፍ ከባድ እርሳስ ይታሰርና ወደ ባሕር ይጣላል፤ እርሳሱ ወለሉን ሲነካ ጥልቀቱ በገመዱ ላይ ካሉት ምልክቶች ይነበባል። በእርሳሱ ታችኛው ጫፍ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ደግሞ ሞራ ይጠቀጠቃል። ሞራው ከወለሉ አሸዋ፣ ጭቃ ወይም ጠጠር ይዞ ስለሚወጣ መርከበኛው መልሕቁን የሚጥልበትን ሥፍራ ጠባይ ከላይ ሆኖ ይረዳል።

ይህ መሣሪያ የተሠራው መርከብን ከዐለት ለማዳን ነው። ነገር ግን በ1836 በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ መርከብ ላይ፣ ማንም ያላሰበውን አገልግሎት ሰጠ። በውቅያኖስ መካከል ቀለበት ሠርተው የሚታዩት የኮራል ደሴቶች እንዴት ተፈጠሩ ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያውን አስተማማኝ ማስረጃ ያስገኘው ይኸው ሞራ የተሞላው እርሳስ ነበር። ማስረጃው ተሟልቶ ክርክሩ እስኪዘጋ ድረስ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ካርታ ያልነበረው ባሕር

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የባሕር ካርታ መሥሪያ ቤቱን ያቋቋመው በ1795 ነው። በጦርነት ጊዜ እንኳ ያልታወቀ ዐለት ለመርከብ ከጠላት መድፍ ያላነሰ አደጋ ነበር። የደቡብ አሜሪካ አገሮች ከስፔን አገዛዝ ነፃ ሲወጡ ደግሞ የእንግሊዝ ነጋዴዎች ዓይናቸውን ወደ ወደቦቻቸው ጣሉ፤ ስለዚህ የዚያ ዳርቻ ካርታ በአስቸኳይ ተፈለገ። የቅየሳው ዓላማ ንግድና የጦር ኃይል እንጂ ዕውቀት ለዕውቀትነቱ ብቻ እንዳልነበረ አንባቢ ሊያስተውል ይገባል።

ለዚህ ሥራ ከተላኩት መርከቦች አንዷ 27 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ቢግል ነበረች። የመጀመሪያ ጉዞዋ ከ1826 እስከ 1830 የቆየ ሲሆን፣ ካፒቴኗ ፕሪንግል ስቶክስ በብቸኝነትና በተስፋ መቁረጥ ተሸንፎ በ1828 የራሱን ሕይወት አጠፋ። በእርሱ ቦታ የተተካው የ23 ዓመቱ ሮበርት ፊትዝሮይ ነበር። ቢግል ለሁለተኛ ጊዜ ከፕሊመዝ ወደብ የተነሣችው ታኅሣሥ 27 ቀን 1831 ነው። በዚህ ጉዞ ፊትዝሮይ አብሮት የሚጓዝና የተማረ ጓደኛ ይሆነው ዘንድ አንድ የ22 ዓመት ወጣት ይዞ ነበር፤ እርሱም ቻርልስ ዳርዊን ነው። ሁለት ዓመት ይፈጃል ተብሎ የታሰበው ጉዞ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት በጥቅምት 1836 ተፈጸመ።

ሃያ ሁለት ሰዓቶች

የቀያሹ ሥራ ጥልቀትን በመለካት ብቻ አያበቃም፤ ልኬቱ የተወሰደበት ቦታ በትክክል ካልታወቀ ካርታው ዋጋ የለውም። የአንድን ቦታ ኬክሮስ ከፀሐይና ከከዋክብት ከፍታ ማግኘት አይከብድም። አስቸጋሪው ኬንትሮስን ማወቅ ነበር። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። ስለዚህ መርከበኛው እርሱ ባለበት ሥፍራ እኩለ ቀን ሲሆን በእንግሊዝ አገር ስንት ሰዓት እንደሆነ ካወቀ፣ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለውን የኬንትሮስ ልዩነት ማስላት ይችላል። ችግሩ ሰዓቱ ትክክለኛ መሆን ያለበት መሆኑ ነው፤ በምድር ወገብ ላይ የአንድ ሰከንድ ስሕተት መርከቡን 460 ሜትር ያህል ከቦታው ያርቀዋል።

ፊትዝሮይ ክሮኖሜትር የሚባሉትን ትክክለኛ ሰዓቶች 22 ያህል ይዞ የተጓዘው በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ ቢዛባ ሌሎቹ ይመሰክሩበታል። መርከቢቱ ዓለምን ዞራ ስትመለስ በየወደቡ የተለኩት የጊዜ ልዩነቶች ተደመሩ። ድምሩ ልክ 24 ሰዓት መሆን ሲገባው 33 ሰከንድ በለጠ። ፊትዝሮይ ይህን ስሕተት አልሸሸገም፤ ከልኬቶቹ ጋር አብሮ አሳተመው። ስሕተቱን የሚገልጽ ልኬት ከሁሉ ይልቅ እምነት የሚጣልበት መሆኑን የሳይንስ ተማሪ ሁሉ ከዚህ ይማራል።

የምትነሣ ምድር፣ የሚሰጥም ወለል

የካቲት 20 ቀን 1835 በቺሊ የኮንሴፕሲዮንን ከተማ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ አፈረሳት። ፊትዝሮይ በአቅራቢያው የምትገኘውን የሳንታ ማሪያን ደሴት ሲቀይስ፣ ከዐለት ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ የባሕር ዛጎሎች ከውኃው በላይ ሦስት ሜትር ያህል ወጥተውና ሞተው ሲሸቱ አገኛቸው። ምድሪቱ በአንድ ጊዜ ከባሕር ውስጥ ብድግ ብላ ነበር።

ዳርዊን ከዚህ ሌላ ሐሳብ መዘዘ። በአንድ ወገን ምድር የምትነሣ ከሆነ፣ በሌላ ወገን የውቅያኖስ ወለል ቀስ በቀስ ሊሰጥም አይችልምን? ዳርዊን ስለ ኮራል ደሴቶች ያቀረበውን ንድፈ ሐሳብ ያፈለቀው እውነተኛ የኮራል ሪፍ በዓይኑ ከማየቱ በፊት፣ በደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ሳለ መሆኑን በኋላ ራሱ ጽፏል።

በዚያ ዘመን ጎልቶ የሚነገረው መላምት አቶል የተባለው ቀለበታማ ደሴት በባሕር ውስጥ በተቀበረ የእሳተ ገሞራ አፍ ጠርዝ ላይ የበቀለ ኮራል ነው የሚል ነበር። የባሕር ካርታ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ፍራንሲስ ቦፈርት ለፊትዝሮይ በሰጠው የጽሑፍ መመሪያ ላይም ይህ ጉዳይ በአንድ አቶል ላይ እንዲመረመር አዝዞ ነበር። ሆኖም ብዙ አቶሎች ከማንኛውም የእሳተ ገሞራ አፍ እጅግ የሚሰፉ ናቸው። በዚያ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ የእሳተ ገሞራ አፎች ሁሉ እንደ ተመካከሩ ከውኃው ገጽ ጥቂት ብቻ ዝቅ ብለው መቆማቸው ለማመን ያዳግታል።

የዳርዊን ሐሳብ እንዲህ ይላል። በመጀመሪያ ከባሕር የወጣ የእሳተ ገሞራ ደሴት ይኖራል፤ ኮራል በዳርቻው ይበቅላል። ደሴቱ በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ሲሰጥም ኮራሉ ወደ ብርሃን ወደ ላይ ማደጉን ይቀጥላል፤ በኮራሉና በደሴቱ መካከልም ውኃ ይገባል። ያን ጊዜ ደሴቱ በኮራል ቅጥር የታጠረ ይመስላል። በመጨረሻ የተራራው ጫፍ ፈጽሞ ሲሰጥም ቅጥሩና በውስጡ ያለው ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ብቻ ይቀራሉ፤ አቶል ማለት ይህ ነው።

የሞራው ምስክርነት

ቢግል በሕንድ ውቅያኖስ ወደሚገኙት የኪሊንግ ደሴቶች የደረሰችው ሚያዝያ 1 ቀን 1836 ነበር። ፊትዝሮይ ከሪፉ ውጭ ባለው ባሕር እርሳሱን ደጋግሞ አስጣለ። ጥልቀቱ ከ18 ሜትር በማይበልጥባቸው ቦታዎች ሞራው ሕይወት ያለው ኮራል ምልክት ታትሞበት፣ ነገር ግን ከአሸዋ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር የኮራሉ አሻራ እየሳሳ፣ በሞራው ላይ የሚጣበቀው አሸዋ እየበዛ ሄደ፤ በመጨረሻም አሸዋ ብቻ ሆነ። ማዕበሉ ከሚሰበርበት ሥፍራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ደግሞ 2,200 ሜትር የሚጠጋ ገመድ ቢለቀቅም ወለሉ አልተገኘም።

እነዚህ ሁለት ልኬቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ትርጉማቸው ግልጽ ነው። ሪፍ ሠሪው ኮራል የሚኖረው በውኃው የላይኛው ክፍል ብቻ ነው፤ የደሴቱ ግድግዳ ግን ወደ ጥልቁ ቁልቁል ይወርዳል። ታዲያ ኮራሉ መሠረቱን የጣለው በምን ላይ ነው? መሠረቱ ቀድሞ ወደ ውኃው ገጽ ቅርብ ነበር፤ በኋላ ሰጠመ ማለት የተሻለ መልስ ሆኖ ተገኘ። ኮራል ከብርሃን የማይርቅበትን ምክንያት ዛሬ እናውቃለን። ኮራል እንስሳ ቢሆንም በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ዋቅላሚዎች በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጁለታል።

ዳርዊን ሐሳቡን በ1837 ለለንደን የጂኦሎጂ ማኅበር አቀረበ፤ በ1842 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። አንድ ሰው የዓለምን ሪፎች ሁሉ ዞሮ ሊያይ ስለማይችል መጽሐፉ በሌሎች ቀያሾች ካርታዎች ላይ የተመሠረተ ነው። ከእነዚህ መካከል ሮበርት ሞርስቢ ይገኝበታል። እርሱ የማልዲቭንና የቻጎስን አቶሎች የቀየሰ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ከ1829 ጀምሮ በቀይ ባሕር ቅየሳ ተሰማርቶ ነበር። የቀይ ባሕር ቅየሳ ዓላማ በቦምቤይና በስዊዝ መካከል ለሚመላለሱት የእንፋሎት መርከቦች መንገድ ለመክፈት ነበር። የመርከቦችን ሆድ እንዳይቀድ የተፈራው ሪፍ በዳርዊን ጠረጴዛ ላይ የሳይንስ ማስረጃ ሆነ።

ሙግቱና ፍርዱ

የንድፈ ሐሳቡ ተቃዋሚ የተነሣውም ከሌላ የባሕር ኃይል ጉዞ ነው። ከ1872 እስከ 1876 ውቅያኖሶችን በመረመረችው በቻሌንጀር መርከብ የተጓዘው ጆን መሪ በ1880 አዲስ ሐሳብ አቀረበ። በእርሱ አመለካከት የወለሉ መስጠም አያስፈልግም፤ የጥቃቅን ፍጥረታት ቅርፊት በባሕር ውስጥ ተራሮች ላይ እየተከመረ ወደ ላይ ሲደርስ ኮራሉ መሠረት ያገኛል። ዳርዊን በ1881፣ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው፣ አንድ ባለጸጋ ገንዘብ አውጥቶ አንድ አቶል ቢያስቆፍር ብሎ ተመኘ። በእርግጥም ከቁፋሮ በቀር ሁለቱን ወገኖች የሚዳኝ አልነበረም።

የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ከ1896 እስከ 1898 በፓስፊክ ውቅያኖስ የፉናፉቲን አቶል አስቆፈረ። መሰርሰሪያው 340 ሜትር ገደማ ወርዶ እስከ መጨረሻው የኮራል ኖራ ድንጋይ እንጂ የእሳተ ገሞራ ዐለት አላገኘም። ሙግቱ ሳይቋጭ ቀረ።

ፍርዱ የተሰጠው በ1952 ነው። አሜሪካውያን በማርሻል ደሴቶች የኤኒዌቶክን አቶል ሲቆፍሩ፣ ከ1,200 ሜትር በላይ የሚወፍር ጥልቀት በሌለው ባሕር የተፈጠረ ኖራ ድንጋይ አልፈው ከእሳተ ገሞራ ዐለት ደረሱ። ከታች የተገኘው የኮራል ቅሪት አርባ ሚሊዮን ዓመትና ከዚያም በላይ ያስቆጠረ ነው። ሒሳቡን አንባቢ ራሱ ሊሠራው ይችላል፤ በሺሕ ዓመት ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ መስጠም ማለት ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው አባባል እንዲህ ላለ ነገር ይስማማል።

ይሁን እንጂ ይህ ዕውቀት ያለ ዋጋ አልመጣም። ኤኒዌቶክ የተመረጠው የኑክሌር መሣሪያ መሞከሪያ ስለነበረ ነው። ነዋሪዎቹ በ1947 ከደሴቶቻቸው ተነሥተው ነበር፤ በኅዳር 1 ቀን 1952 የተፈነዳው የሃይድሮጅን ቦምብ ከአቶሉ ደሴቶች አንዱን ፈጽሞ አጠፋ። ከቢግል እስከ ኤኒዌቶክ ሳይንስ በጦር ኃይል መርከብ ተሳፍሮ ተጉዟል፤ የተሳፈረበትን መርከብ ዓላማ መርሳት ግን አይገባም።

ዛሬ የውቅያኖስ ወለል ለምን እንደሚሰጥም እናውቃለን። ትኩስ ሆኖ የተፈጠረው የመሬት ቅርፊት ከምንጩ ሲርቅ እየቀዘቀዘ፣ እየከበደ ዝቅ ይላል። በበረዶ ዘመናት የባሕር ጠለል 120 ሜትር ያህል ወርዶ መመለሱም ለአቶሎች የዛሬ ቅርጽ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። ዳርዊን ሁለቱንም አያውቅም ነበር፤ ልኬቶቹ ግን ዛሬም ያገለግላሉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ

የኮራልን ምስክርነት ለማየት ወደ ፓስፊክ መጓዝ አያስፈልግም። በአፋር፣ ከባሕር ጠለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ በሚወርደው የዳናኪል ረባዳ ሥፍራ ዳርቻዎች፣ ዛሬ ጠብታ ውኃ በሌለበት ምድር፣ የጥንት የኮራል ሪፍ ቅሪት ይገኛል። የቀይ ባሕር ውኃ በአንድ ዘመን እዚያ ገብቶ ነበር፤ ከዚያም መንገዱ ተዘግቶ ውኃው ሲተን ጨዉን ትቶ ሄደ። ኮራል ከውኃ ገጽ ርቆ እንደማይኖር ስለምናውቅ፣ በዚያ ደረቅ ኮረብታ ላይ የቆመ ተማሪ የጥንቱ ባሕር እስከ የት ይደርስ እንደነበር ማመልከት ይችላል። ይህን እንዲያደርግ የሚያስችለው፣ በ1836 አንድ ቀያሽ ገመዱን እየሳበ በሞራው ላይ ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ መዝግቦ ማስቀመጡ ነው።