ሥራው በጊዜሽ ልክ ይሁን

ዛሬ የምናወራው ስለ አንዲት እናት ነው። ስሟን አንጠራም። እንደ እሷ ያለች እናት በየቀበሌው አለች። እናንተም ታውቋታላችሁ።

ይህች እናት በአበባ እርሻ ተቀጥራ ትሠራለች። እንዲህ ያሉ እርሻዎች በቢሾፍቱ፣ በባቱና በሌሎችም ቦታዎች አሉ። ጧት በ12 ሰዓት ከቤቷ ትወጣለች። ማታ በ11 ሰዓት ትመለሳለች። የ9 ወር ልጅ አላት። ልጁን የሚጠብቁላት አማቷ ናቸው። ባሏ የሰው መሬት በእኩል ያርሳል። የእሷ ደመወዝ ለእህል፣ ለዘይትና ለሳሙና ይሄዳል። ወሩ ሳይደርስ ያልቃል።

ታዲያ ምን ታድርግ? «ዶሮ ላርባ» አለች። አሳቧ መልካም ነበር። አጀማመሯ ግን መልካም አልነበረም።

15 ዶሮ በብድር

ከአራጣ አበዳሪ ገንዘብ ወሰደች። ከገበያ በአንድ ቀን 15 ዶሮ ገዛች። የዶሮ ቤት አልሠራችም። ዶሮዎቹ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ አደሩ። ክትባትም አላስከተበቻቸውም።

በሁለተኛው ሳምንት አንዷ ዶሮ ክንፏን ጣለች። አረንጓዴ ቅዘን ቀዘነች። አንገቷ ተጣመመ። ፈንግል ነው። ብዙ ቀን አልፈጀም፤ 15ቱም አለቁ። ዶሮዎቹ ሞቱ፤ ዕዳው ግን አልሞተም።

በዚያው ሰሞን ልጁን ተቅማጥ ያዘው። የዶሮ ኩስ ወለሉ ላይ ነበር። ልጁ በዚያ ወለል ላይ ይድሃል። እጁን ወደ አፉ ያስገባል። ልጁ በጤና ጣቢያ ታክሞ ዳነ። እናቲቱ ግን ልቧ ተሰበረ።

አንድ ቀን ማታ አማቷን እንዲህ አለቻቸው።

«እማዬ፣ የእርሻውን ሥራ ልተወው ይሆን? ቤት ተቀምጬ ልጄንም ዶሮውንም ብጠብቅ ይሻላል።»

«እንዴ! ምን ማለትሽ ነው ልጄ?» አሉ አማቷ። «ደመወዝሽ ቀርቶ ዶሮው ደግሞ ቢሞት፣ ይህ ልጅ ምን ሊበላ ነው? ሥራሽን አትልቀቂ። አዲሱ ሥራ በጊዜሽ ልክ ይሁን። በቀን ስንት ሰዓት ትርፍ አለሽ? መጀመሪያ እሱን ቁጠሪ።»

ሰዓት መቁጠር

እናቲቱ ፊደል ቆጥራለች። ደብተሯን አወጣችና ጻፈች። ጧት ሩብ ሰዓት። ማታ ግማሽ ሰዓት። እሑድ ግማሽ ቀን። ትርፍ ጊዜዋ ይኸው ብቻ ነው።

በዚህ ጊዜ 15 ዶሮ መያዝ አይቻልም። 4 ሴት ዶሮና 1 አውራ ዶሮ ግን መያዝ ይቻላል። ስለዚህ መጀመሪያ ዕዳዋን ከፍላ ጨረሰች። ቀጥላ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር እቁብ ገባች። እቁቡ ሲደርሳት ዶሮዎቹን ገዛች። አሁን የአራጣ ብድር የለባትም።

ባሏ ከቤት ውጭ፣ ከመሬት ከፍ ያለ የዶሮ ቤት ሠራ። ጧት ዶሮዎቹን ትለቃለች። ንጹሕ ውሃና ጥቂት ጥራጥሬ ትሰጣለች። እንቁላሉን ቀን ላይ አማቷ ይሰበስባሉ። ማታ ቆጥራ ትዘጋባቸዋለች፤ ሸለመጥማጥ አለና። እሑድ ኩሱን ጠርጋ ጭዱን ትለውጣለች። ልጇን ከመንካቷ በፊት እጇን በሳሙና ትታጠባለች። ዶሮም ከቤት አይገባም።

ፈንግልን በክትባት

የታመመ ዶሮን ከፈንግል የሚያድን መድኃኒት የለም። ክትባት ግን አለ። ክትባቱ በአገራችን፣ በቢሾፍቱ ይሠራል። የሚሰጠው በሽታው ሳይገባ፣ ዶሮው ጤነኛ ሳለ ነው። በዓይን የሚጠባው ክትባት በየ3 ወይም በየ4 ወሩ ይደገማል።

አንድ ብልቃጥ ክትባት ለብዙ ዶሮ ይበቃል። ለ5 ዶሮ ብቻ ቢከፈት ይባክናል። ስለዚህ ጎረቤቶች መከሩ። በአንድ እሑድ የሁሉም ዶሮ ተከተበ። ወጪውንም ተካፈሉ። የአንዱ ቤት ዶሮ ሳይከተብ ቢቀር በሽታው ለሌላውም ይተርፋልና ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ከገበያ የመጣ አዲስ ዶሮም 2 ሳምንት ለብቻው ይቆይ። ከዚያ በኋላ ይቀላቀል።

ጾምና ፍስክ

ክርስቲያን በሚበዛበት አገር በጾም ወራት እንቁላል ገዢ ያጣል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በዚያን ጊዜ እንቁላሉን በርካሽ ከመሸጥ የምትታቀፍ ዶሮ ማስታቀፍ ይሻላል። ለመታቀፍ የሚመረጠው ከተጣለ 10 ቀን ያልሞላው ነው። ጫጩት በ21 ቀን ይፈለፈላል። ያገር አውራ ዶሮ ለገበያ ለመድረስ 6 ወርና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ በመስከረም የተፈለፈለ ጫጩት ለፋሲካ ገበያ ሊደርስ ይችላል።

ደብተሩ ምን ይላል?

እናቲቱ የዶሮውን ገንዘብ ከቤት ወጪ ለየች። ለብቻው በጣሳ አስቀመጠች። ሁሉንም ጻፈች። ዋጋው ከቦታ ቦታ ይለያያል። ለምሳሌ ያህል አንድ እንቁላል 15 ብር ነው እንበል።

የተሸጠ እንቁላል 24፦ 360 ብር
ጥራጥሬ፦ 120 ብር
ክትባት፦ 20 ብር
ለአማቷ ድካም፦ 70 ብር
የወጪ ድምር፦ 210 ብር
የተረፈ፦ 150 ብር
ልጁ የበላው እንቁላል፦ 12

«ለአማት ደግሞ ይከፈላል ወይ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ይከፈላል። ልጁን የያዙት እሳቸው ናቸው። እንቁላሉን የሰበሰቡት እሳቸው ናቸው። የእሳቸው ጉልበት ባይኖር ይህ ሥራ አይኖርም። ድካማቸው ካልተጻፈ ትርፉ የውሸት ትርፍ ነው።

ልጁ የበላውም ኪሣራ አይደለም። ልጅ 6 ወር ሲሞላው ከእናት ጡት ጋር ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል። በደንብ የበሰለ እንቁላል ገንቢ ምግብ ነው።

መብትን ማወቅ

ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ሥራውን ከመልቀቁ በፊት መብቱን ይወቅ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። በዚህ አዋጅ እናት ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት። ደመወዟም ይከፈላታል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በላይ ለሠራችው ተጨማሪ ክፍያ ይገባታል። ይህን ሳያውቁ በወለዱ ጊዜ ሥራ የሚለቁ እናቶች አሉ። የአንዱ ወር ደመወዝ ሲቀር የአዲሱ ሥራ መነሻም አብሮ ይቀራል።

የእኛ እናት ሥራዋን አልለቀቀችም። ዓመት ሲሞላ ዶሮዎቿ 8 ሆኑ። ዘጠነኛዋን ከመጨመሯ በፊት ግን እንደገና ደብተሯን ከፈተች። ጊዜዋን ቆጠረች። «8 ይበቃኛል» አለች። ልጇ አሁን ይራመዳል። ማታ ስትመጣ ሮጦ ይቀበላታል። ያ ግማሽ ሰዓት የእሱ ነው። ለዶሮ አይሰጥም።

አበው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ጥያቄዎች

1. የመጀመሪያዎቹ 15 ዶሮዎች ለምን አለቁ? ሦስት ምክንያት ጻፉ።
2. በቀን ስንት ሰዓት ትርፍ አላችሁ? ቆጥራችሁ ጻፉ።
3. በቤታችሁ ልጅ የሚጠብቅ ማን ነው? ድካሙ በሂሳባችሁ ውስጥ ገብቷል ወይ? ከጎረቤት ጋር ተወያዩ።