ተጨማሪ መረጃ፦ ግሊሰሪን ወይስ ቫዝሊን?

በኅዳርና በታኅሣሥ የኮልፌ ቀራንዮ ጠዋት ደረቅና ብርዳም ነው፤ የእጃችሁ ጀርባ አመድ ይመስላል። ሱቅ ብትሄዱ ግሊሰሪንና ቫዝሊን ጎን ለጎን ታገኛላችሁ፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ግሊሰሪን ሦስት የሃይድሮክሲል ቡድኖች ስላሉት ውኃን ይስባል፤ እንዲህ ያለው ንጥረ ነገር እርጥበት ሳቢ ይባላል። በደረቅ አየር ብቻውን ከሚቀባ በውኃ ቢበረዝ ይሻላል። ቫዝሊን ከድፍድፍ ነዳጅ የሚገኝ የሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው። ውኃ አይስብም፤ በቆዳችሁ ውስጥ ያለው እንዳይተን ይከድነዋል እንጂ። እናቶቻችን ፀጉር የሚቀቡት ቅቤም በሥራው ከቫዝሊን ወገን ነው። ታጥባችሁ ቆዳችሁ ሳይደርቅ ቫዝሊኑን ተቀቡት።

ሞክሩት፦ የአንዱን እጃችሁን ጀርባ ቫዝሊን፣ የሌላውን ግሊሰሪን በስሱ ቀቡና አንዳንድ ጠብታ ውኃ ጣሉባቸው። የትኛው ላይ ተድቦልቡሎ ቀረ? የትኛውስ ላይ ተሰራጨ?