ሐኪሙ ቀድሟል፣ መነፅሩ ዘግይቷል

በአገራችን የዓይን ሕመም ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው ትራኮማ ነው፤ ቀጥሎ የዓይን ሞራ። ሁለቱም ይገባቸዋል። በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተደረገው የዓይነ ስውርነት፣ የእይታ ድካምና የትራኮማ ጥናት፣ ከሕዝቡ 1.6 ከመቶው ማየት እንደተሳነው፣ ሌላ 3.7 ከመቶው እይታው እንደደከመ አሳይቶ ነበር። ከዓይነ ስውርነቱ 49.9 ከመቶውን ያመጣው የዓይን ሞራ ሲሆን 11.5 ከመቶው ከትራኮማ ጠባሳ የመጣ ነው። በየመድረኩ የሚጠቀሱት እነዚህ ቁጥሮች ናቸው። እዚያው ጥናት ውስጥ ያለ፣ ብዙም ያልተነገረለት ሌላ ቁጥር አለ፤ እይታቸው ከደከመባቸው ሰዎች መካከል 33.4 ከመቶው የጎደላቸው መነፅር ነበር። ቢላዋም ክኒንም አያስፈልጋቸውም። ዓይናቸውን የሚለካ ባለሙያና በልኩ የተቀረጸ ሌንስ ብቻ ይበቃቸው ነበር።

ያ ጥናት የለካው የሩቅ እይታን ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ የሚመጣው የቅርብ እይታ ድካም በቁጥሩ ውስጥ የለም። የዓይናችን ሌንስ ከዕድሜ ጋር እየጠጠረ ይሄዳል፤ ሲጠጥር ቅርጹን እንደ ልብ መለወጥ ያቅተውና ቅርብ ያለው ነገር ይደበዝዛል። ሀብታም ደሃ ሳይል ሁሉንም ያገኛል። ሽሮ ሜዳ ጥለት የሚጥለው ሸማኔ፣ ክር በመርፌ የሚያሾልከው ልብስ ሰፊ፣ ቀኑን ሙሉ ቡና ስትለቅም የምትውል ሴት፣ ማለዳ ዳዊት የሚደግሙ አባት፣ ሁሉም አንድ ቀን የያዙትን ነገር ከዓይናቸው ማራቅ ይጀምራሉ። ሸማኔው ረቂቁን ጥለት ለልጁ ይለቃል። ቡና ለቃሚዋ የምታስረክበው ኪሎ ይቀንሳል፣ ክፍያዋም አብሮ ይወርዳል። ሕክምና ይሂዱ የሚላቸው ግን የለም፤ «አረጁ» ተብሎ ይታለፋል።

ይህ ጉዳት በገንዘብ የሚለካ መሆኑን ያሳዩ ሁለት ጥናቶች አሉ። በሕንድ አሳም ግዛት አርባ ዓመት ያለፋቸው የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች የቅርብ መነፅር ሲሰጣቸው ምርታማነታቸው መነፅር ካላገኙት ጓደኞቻቸው በ22 ከመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የባንግላዴሽ ጥናት ደግሞ የቅርብ መነፅር ያገኙ የገጠር ሠራተኞች ገቢ ካላገኙት በሲሶ ያህል ከፍ እንዳለ አረጋገጠ። መነፅሩ በርካሽ የሚገኝ ተራ የንባብ መነፅር ነበር። በዓለም ደረጃ ይህ መነፅር የሚያስፈልጋቸውና ያላገኙ ሰዎች ከ800 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል።

ሩቅ መንደር ድረስ አገልግሎት ማድረስ እንደሚቻል የትራኮማ ዘመቻው አስመስክሯል። ትራኮማ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት የሚተላለፍ ኢንፌክሽን ነው። ሲደጋገም የዓይን ቆብን ከውስጥ ጠባሳ ያስይዘዋል፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይፍቀዋል። እናቶች ከሕፃናት ስለማይለዩ በዚህ የሚሠቃዩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ በየቤቱ የሽፋሽፍት መንቀያ ወረንጦ የማይጠፋውም ለዚህ ነው። የመከላከያው ስልት አራት ክንድ አለው፤ የተቀለበሰውን ቆብ በቀዶ ሕክምና ማቅናት፣ አዚትሮማይሲን ለመላው ማኅበረሰብ ማደል፣ ፊት መታጠብ፣ ውኃና መጸዳጃ ቤት ማዳረስ። መድኃኒቱን ፋይዘር በነፃ ይለግሳል። በአማራ ክልል ከካርተር ማዕከልና ከላየንስ ክለቦች ጋር በተደረገው ሥራ ወባንና ትራኮማን ያጣመረ የዘመቻ ሳምንት ተጀምሮ በአንድ ዙር ሚሊዮኖች መድኃኒት ወስደዋል። የተቀለበሰውን ቆብ የሚያቀኑት ደግሞ በአብዛኛው ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶችና የጤና ባለሙያዎች ናቸው፤ ሥራውም በጤና ጣቢያ ይሠራል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ጋና በ2018፣ ማላዊ በ2022 እ.ኤ.አ. ከትራኮማ ነፃ መሆናቸው ሲመሰከርላቸው፣ በዓለም ላይ ለበሽታው ተጋልጠው ከሚኖሩት ሰዎች ትልቁ ድርሻ ዛሬም ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ሁለቱ የመጨረሻ ክንዶች ስለዛሉ ይመስለኛል። ፊት ለማስታጠብ ውኃ ያስፈልጋል፤ ውኃውን የምትቀዳው እናት ሁለት ሰዓት ተጉዛ ከሆነ አስቀድማ የምታውለው ለድስቱ ነው።

የዓይን ሞራውም ታሪክ ተስፋ የሚሰጥ ነው። ኔፓላዊው ዶክተር ሳንዱክ ሩይትና አሜሪካዊው ጄፍሪ ታቢን ያስፋፉት፣ ስፌት የማይፈልገው ትንሽ ቀዶ ሕክምና በደቂቃዎች ያልቃል። በካትማንዱው ቲልጋንጋ ማዕከል ሌንሱን እዚያው ማምረት በመጀመራቸው ዋጋው ከመቶ ዶላር በላይ ከነበረበት ወደ ጥቂት ዶላር ወረደ። በኢትዮጵያም በተደጋጋሚ ዘመቻዎች ብዙ ሰዎች በማግስቱ ፋሻቸው ሲፈታ የልጆቻቸውን ፊት አይተዋል። ቡታጅራ ያለው የግራርቤት ተሃድሶ ማኅበር ሆስፒታልም ለገጠሩ ሰው ቅርብ ሆኖ ለዓመታት የሠራ ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ በሚሊዮን ሲታደል፣ ቀዶ ሕክምናው በዘመቻ ሲሠራ መነፅሩ ለምን ቀረ? አንደኛው ምክንያት መነፅር የአንድ ቀን ሥራ አለመሆኑ ነው። መለካት፣ መቁረጥ፣ ፍሬም ማስተካከል፣ ሲሰበር መተካት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና መለካት አለ። ይህን የሚሠራው ኦፕቶሜትሪስት ነው፤ ሙያውን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ተመራቂዎች አሉ፤ የመነፅር ቤቱና የመቁረጫ ማሽኑ ግን በአብዛኛው አዲስ አበባና ትልልቅ ከተሞች ላይ ተከማችቷል። ሁለተኛው አመለካከት ነው። «ልጁ መነፅር ከለመደ ዓይኑ ይሰንፋል» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። እውነቱ ተቃራኒው ነው። በልኩ የታዘዘ መነፅር ዓይን አያደክምም፤ በሕፃንነቱ ጥርት ያለ ምስል ያላገኘ ዓይን ግን ከአንጎል ጋር ያለው ትስስር ሳይጠነክር ይቀርና ካደገ በኋላ በመነፅርም ላይቃና ይችላል። ስለዚህ ልጅ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ ዓይኑ ይታይ። ሰሌዳ ለማንበብ ዓይኑን የሚያጨነቁር፣ ደብተሩን አፍንጫው ሥር የሚያደርግ ወይም አንድ ዓይኑ የሚሸወርር ልጅ ደግሞ ቀን አይቀጠርለትም። ምዕራብ ቻይና ውስጥ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ነፃ መነፅር ያገኙ ተማሪዎች በሒሳብ ፈተና የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። ከተሰጣቸው መካከል ግን ብዙዎቹ አዘውትረው አላደረጉትም። ልጁ የሚወደውን ፍሬም ራሱ ይምረጥ የምለው ለዚህ ነው፤ የሚያፍርበትን መነፅር ቦርሳው ውስጥ ነው የሚያኖረው።

ወደ መነፅር ቤት የሚሄድ አንባቢ የመነፅር ማዘዣ ወረቀቱን ማንበብ ቢችል መልካም ነው። ኦዲ የቀኝ ዓይን፣ ኦኤስ የግራ ዓይን ነው። የመቀነስ ምልክት ሩቅ ለማይታየው፣ የመደመር ምልክት ቅርብ ለሚያስቸግረው ነው። ሲሊንደርና አክሲስ የተባሉት የብሌኑን ሽፋን የቅርጽ መዛባት ያርማሉ። በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት በሚሊሜትር ካልተለካ ሌንሱ ትክክል ሆኖ ሳለ ራስ ያሳምማል፤ ብዙ «አልተስማማኝም» የሚባሉ መነፅሮች ችግራቸው ይኸው ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለ ሰው ትንሽና ክብ ፍሬም ቢመርጥ የሌንሱ ጠርዝ አይወፍርበትም። ለልጅና ለበያጅ የማይሰባበረው ፖሊካርቦኔት ይሻላል። ብዙ ፍሬም የሚሠራው ለሰልካካ አፍንጫ ስለሆነ፣ ጎንበስ ሲሉ የሚንሸራተት ወይም ሲስቁ ጉንጭ የሚነካ ከሆነ ሌላ ይሞከር። በየመንገዱ የሚሸጠው ዝግጁ የንባብ መነፅር የሁለቱ ዓይኖቹ ቁጥር እኩል ለሆነ ሰው ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን ምርመራን አይተካም። ለሰማያዊ ብርሃን ተብሎ ለሚጨመር ቀለም ተጨማሪ ገንዘብ አልከፍልም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ጥናቶችን የፈተሸው የኮክሬን ግምገማ የዓይን ድካምን እንደሚቀንስ ማስረጃ አላገኘበትም። የፀሐይ መነፅር ላይ ግን አልቆጥብም። ከፍታ በአንድ ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 ከመቶ ያህል ይበረታል፤ ደገኛ ስለሆንን ይመለከተናል። ጨረር የማይከላከል ጥቁር መስታወት ደግሞ ብሌኑን አስፍቶ ጉዳቱን ያባብሳል።

ኮንታክት ሌንስ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለአንዳንዱ ሰው የውበት ጉዳይ ነው፤ ለሌላው ግን ብቸኛ መፍትሔ ነው። በአለርጂ ምክንያት ዓይናቸውን ለዓመታት ካሹ ልጆች መካከል የብሌኑ ሽፋን እንደ ጉልላት ሾሎ ኬራቶኮነስ የሚሆንባቸው አሉ፤ ለእነሱ መነፅር ስለማይበቃ ጠጣር ኮንታክት ሌንስ ይታዘዛል፣ ከባሰም የብሌን ሽፋን ንቅለ ተከላ ይደረጋል። ንቅለ ተከላው የሚቻለው ከሞት በኋላ ዓይኑን የሚለግስ ሰው ሲኖር ነው። በ1995 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ይህን በር ከፍቷል፤ ቃል የሚገባው ሰው ግን ከሚጠብቀው ጋር አይመጣጠንም። ሌንስ የሚያደርግ ሰው እጁን በሳሙና ታጥቦ ያድርቅ፤ ሌንሱን የቧንቧ ውኃ፣ ጠበልም ሆነ ምራቅ አያስነካው፤ አድርጎት አይተኛ፤ ማስቀመጫውን በየሦስት ወሩ ይቀይር። ውኃ ውስጥ የሚኖረው አካንታሞይባ የተባለ ረቂቅ ሕዋስ ከሌንሱ ሥር ከገባ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ለሠርግ ተብሎ ከውበት ሳሎን የሚገዛ፣ ከጓደኛ የሚዋሱት ባለቀለም ሌንስ ፈጽሞ አይደረግ። ዓይን ከቀላና ካመመ ሌንሱ ያኔውኑ ይውጣ፣ ሰውየውም በዕለቱ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ጠብታም እንዲሁ ነው። ያለ ትዕዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ስቴሮይድ ያለው ጠብታ ማሳከኩን ቶሎ ስለሚያስታግስ ይወደዳል፤ ሲደጋገም ግን የዓይን ግፊት ጨምሮ ግላኮማ ያስከትላል። ግላኮማ ሳያም የጎን እይታን ቀስ በቀስ ይወስዳል፣ የወሰደውንም አይመልስም። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው የዓይኑን ግፊት ይለካ፤ ስኳር ያለበት በየዓመቱ የዓይኑን ጀርባ ይታይ። ጠበል የሚጠመቅ ምእመን ጠብታውን አያቋርጥ። ሕፃን ዓይን ውስጥ ግን የቅጠል ጭማቂም የጡት ወተትም አይግባ።

ስለ በጎ አድራጎቱ ግልጽ አቋም አለኝ። ሔለን ከለር እ.ኤ.አ. በ1925 በኦሃዮ ላየንስ ክለቦችን ለዓይነ ስውራን እንዲቆሙ ከጠየቀቻቸው ወዲህ ያገለገሉ መነፅሮችን ሰብስቦ ወደ ድሃ አገር መላክ የተለመደ ደግነት ሆኗል። በዋሽንግተንም በፍራንክፈርትም የሚኖሩ ወገኖቻችን በሻንጣ ይዘው ይመጣሉ። ልባቸውን አከብራለሁ፤ መንገዱ ግን አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2012 በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት ከተለገሱት አሮጌ መነፅሮች ለአገልግሎት የበቁት 7 ከመቶ ብቻ እንደሆኑ፣ ለቅሞ፣ አጥቦና ለክቶ ለማድረስ የሚወጣው ወጪም አዲስ ዝግጁ መነፅር ከማቅረብ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ሌላ ሰው የተለካበት ሌንስ ለሰጪው ትርፍ፣ ለተቀባዩ ራስ ምታት ነው።

የሚያዋጣውን መንገድ ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ እ.ኤ.አ. በ1976 በማዱራይ፣ ሕንድ፣ በ11 አልጋ ጀምረው አሳይተዋል። አራቪንድ የተባለው ተቋማቸው መክፈል ከሚችለው ታካሚ በሚያገኘው ገቢ የማይችለውን በነፃ ያክማል። በየገጠሩ የከፈታቸው ትናንሽ ማዕከላት ደግሞ እዚያው ለክተው መነፅር ይሰጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2024 በጀመረው መርሐ ግብር አገሮች የመነፅር አገልግሎትን ከመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ጋር እንዲያጣምሩ ጠይቋል፤ ሩቅ ለማየት መነፅር ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ትክክለኛውን ያገኙት በዓለም 36 ከመቶ ብቻ ናቸውና። እኛ ዘንድ የሽፋሽፍት ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ጤና ጣቢያ የንባብ መነፅር የሚለካበትና በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጥበት መደርደሪያ የማይኖረው ለምንድን ነው?

ስለዚህ በውጭ ያላችሁ ወገኖች፣ አሮጌውን መነፅር አትሰብስቡ። ያሰባሰባችሁትን ገንዘብ ለአንድ ወረዳ የእይታ መለኪያ መሣሪያ፣ ለአንድ ኦፕቶሜትሪስት የሁለት ዓመት ደመወዝ፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ምርመራና በልካቸው ለተሠራ መነፅር አውሉት። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ እናታችሁን ወይም አባታችሁን በዚህ ወር ወስዳችሁ ዓይናቸውን አስለኩ፤ ልጃችሁንም አብራችሁ ውሰዱ።